ወተቱ ለምን ይመለሳል? በደብረ ብርሃን ዙሪያ በጥራት ሥራ ላይ ያየሁት

ካይዘን፣ ቢፒአር፣ ቢኤስሲ የሚባሉት የአሠራር ማሻሻያ ዘዴዎች ሲነሱ ፊቱን የማያዞር ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። አይፈረድበትም። ሥልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ግድግዳ ላይ ቻርት ይለጠፋል፣ ከዚያ ሥራው እንደ ድሮው ይቀጥላል። እኔ ግን ይህ ነገር በትክክል ሲያዝ ሥራን እንደሚለውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ። ክሊኒክ ውስጥ ብትሠሩም፣ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ቢሮ ብትሆኑም የሚጠቅማችሁ ነገር አይጠፋም።

የምሠራው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ወተት ሰብስቦ ለማቀነባበሪያ በሚያስረክብ የኅብረት ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ ጥራት ነው። ችግራችን ደግሞ ተመላሽ ነበር። ወተት በሁለት በኩል ይመለስ ነበር። ጠዋት ገበሬው ይዞት የመጣውን ማሰባሰቢያው ይመልሰዋል። ማሰባሰቢያው ተቀብሎና አቀዝቅዞ የላከውን ደግሞ አንዳንድ ቀን ማቀነባበሪያው ከነታንከሩ ይመልሰዋል። ታንከር ሲመለስ የሚደፋው የአንድ ሰው ወተት አይደለም፤ የመንደሩ ሁሉ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚገዛበት፣ ለልጅ ደብተር የሚሆነው ብር ነው የሚፈሰው።

ይህ በሆነ ቁጥር ግምገማ ይጠራል። ግምገማውን ታውቁታላችሁ። ተረካቢዎቹ «ገበሬው ውኃ ይጨምራል» ይላሉ። ገበሬዎቹ «ተረካቢው ያዳላል፣ የዘመዱን እያየ ይቀበላል» ይላሉ። ሹፌሩ መንገዱን ያማርራል። መጨረሻ ላይ የአንድ ሁለት ሰው ስም ይያዛል፣ ቅጣት ይወሰናል፣ ውኃ ጨመሩ የተባሉት ሰዎች ስም በር ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ወር ያው ግምገማ፣ ያው ወቀሳ። የሚቀየረው የሚቀጣው ሰው ነው እንጂ ተመላሹ ፈቅ አላለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላንሳ። ኤድዋርድ ዴሚንግ ይባላል፤ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ መሪዎች ስለ ጥራት አስተማረ። በዓመቱ ጃፓኖቹ በስሙ ሽልማት አቋቋሙ፤ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ዴሚንግ ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገትለት የኖረው ሐሳብ ሥራ ሲበላሽ አብዛኛው ምክንያት አሠራሩ ውስጥ ነው የሚል ነው፤ አሠራሩን መቀየር የሚችለው ደግሞ አመራሩ ነው። በእሱ ግምት ከመቶ 94 እጁ የአሠራሩ ነው። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ዋናው ጉዳይ፣ እኛ በግምገማ ላይ የምናጠፋው ጊዜ ሁሉ የሚሄደው ለቀሪዋ ትንሽ ክፍል መሆኑ ነው። ትልቁን ማንም አይነካውም።

ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት ወተቱን በመከተል ነው። ቃል በቃል በእግሬ ተከተልኩት። ገና ሳይነጋ አንድ ቤት ገብቼ ላሚቷ ስትታለብ ቆሜ አየሁ። ግቷ በምን ታጠበ? ውኃው ለብ ያለ ነው ወይስ ከበርሜል የተቀዳ? የማታው ወተት የት አደረ? ከጠዋቱ ጋር ተቀላቀለ ወይስ ለብቻው ነው? በምን ዕቃ ተቀዳ? ከዚያ አህያዋን ተከትዬ መንገዱን ሄድኩ። በር ላይ ሰልፉን ቆምኩ። ተረካቢው ሲለካ፣ ሲመዘግብ፣ ወደ ታንኩ ሲገለብጥ አየሁ። መኪናው ሲመጣ አብሬ ተሳፈርኩ። ቢሮ ተቀምጣችሁ «ሂደቱን አውቀዋለሁ» የምትሉ አለቆች ካላችሁ እባካችሁ አንድ ቀን ይህን አድርጉ። ወረቀት ላይ የተሳለው ሂደትና መሬት ላይ ያለው ሂደት አይተዋወቁም።

ለምሳሌ በመመሪያችን ላይ ላክቶሜትር (ወተት ውኃ እንደገባበት የሚለይ መለኪያ) ከመጠቀም በፊት የወተቱ ሙቀት ይለካል ይላል። ቴርሞሜትሩ ግን ከነካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ነበር።

ከዚያ አንድ ወረቀት አሰመርኩ። የተለየ ጥበብ የለበትም። ወተቱ የደረሰበት ሰዓት፣ የመጣበት መንደር፣ የዕቃው ዓይነት፣ የወተቱ ሙቀት፣ የላክቶሜትር ንባብ፣ የአልኮል ምርመራ (ወተቱ መበላሸቱ የሚታይበት) ውጤት፣ ከተመለሰ ምክንያቱ። በቃ። የገበሬውን ስም ሆን ብዬ አላስገባሁም፤ የተረካቢውም እንደዚያው። ይህን ያደረግኩት ሰዉ ወረቀቱን እንዳይፈራው ነው። ተረካቢዎቹን ሰብስቤ «ይህ ወረቀት ማንንም ለመያዝ አይደለም፣ ስንደምረው መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ» አልኳቸው። ቃሌንም ጠበቅኩ። ውጤቱን ከሥራ አስኪያጁ በፊት ያዩት እነሱ ናቸው። ይህች ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ በኔ እምነት ግን ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ለሳምንታት ሞላንና ደመርነው። ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ውኃ አለበት ተብሎ የሚመለሰው ወተት በብዛት የመጣው ከቅርብ ነው። ከበሩ ማዶ ካሉት ቤቶች ማለት ይቻላል። ከሩቅ መንደር በአህያ የመጣው ወተት በላክቶሜትር ብዙም አይወድቅም፤ እሱ የሚወድቀው በአልኮል ነው። አንዱ ተረካቢ ወረቀቱን አየት አድርጎ «እንዴ፣ ውኃ የሚጨምረው የቅርቡ ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞት መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላም ወተት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ላክቶሜትሩ ብዙ ጊዜ ከ28 እስከ 32 ያነባል። ውኃ ሲገባበት ይሳሳል፣ ላክቶሜትሩ ጠልቆ ይሰምጣል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ግን ወተት ሲሞቅም ይሳሳል። የኛ ላክቶሜትር የተሠራው ለ20 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ በግምት 0.2 መደመር አለበት፣ በታች ለሆነው ደግሞ መቀነስ። በዚያ ላይ ወዲያው የታለበ ወተት አረፋና አየር ስላለበት ትንሽ ካልሰከነ ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው። ቤቷ አጠገባችን የሆነች ሴት አልባ እንደጨረሰች ይዛ ስትመጣ ወተቱ ገና ትኩስ ነው። እኛ ከ27 በታች ካነበበ እንመልስ ነበር። ያ ወተት 26 ያነባል። ይመለሳል። ስሟ ይለጠፋል።

(ላክቶሜትር የምትጠቀሙ ካላችሁ በላዩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ እዩ። ሁሉም ለ20 የተሠራ አይደለም።)

ከተለጠፉት አንዷ ትልቅ እናት ነበሩ። ከተለጠፉ በኋላ ወተት ማምጣት ትተው ቅቤ እየናጡ ገበያ ያወጡ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ሊትር ብዬ ነፍሴን ላጎድፍ? ደግሞ እዚሁ እናንተ ጉያ ተቀምጬ?» አሉኝ። ነገ ጠዋት ይምጡና ይዩት አልኳቸው። መጡ። የኮሚቴው ሊቀመንበርና ሥራ አስኪያጁም ነበሩ። ወተታቸውን እንደመጣ ለካነው። ቴርሞሜትሩ 33 ዲግሪ፣ ላክቶሜትሩ 26። ከዚያ ወተቱን ከነዕቃው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀመጥነው። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውኃ መቼም ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ብዙ አላስጠበቀንም። 20 ዲግሪ ሲደርስ እንደገና ለካን። ወደ 29 ተጠጋ። ያው ወተት ነው። ሊቀመንበሩ ተነስተው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው። የተለጠፈው ወረቀትም የዚያኑ ቀን ወረደ።

ውኃ የሚጨምር የለም እያልኩ አይደለም። አለ። እንዲያውም የሚገርመው እሱ ነው የሚያልፈው። ኅዳርና ታኅሣሥ እኛ ጋ ውርጭ ነው። ያደረ ወተት ከሩቅ በዚያ ብርድ ተጉዞ ሲደርስ 10 ዲግሪ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ላክቶሜትሩ 28 ካነበበ እውነተኛው ንባብ 26 ነው። ማለትም ንጹሑን ትኩስ ወተት እየመለስን፣ ውኃ የገባበትን ቀዝቃዛ ወተት እየተቀበልን ነበር። ሙቀቱን ማስተካከል ከጀመርን በኋላ በእውነት ውኃ የሚጨምሩት ተለይተው ወጡ፤ ጥቂቶች ናቸው። እነሱን ለብቻ ማነጋገር ቀላል ሆነ፤ ማስረጃው ፊታቸው ላይ ስለሆነ ክርክርም የለም።

አልኮሉ ጋ ያለውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ወተትና አልኮል እኩል ይቀላቀላሉ፤ ከረጋ ወተቱ አሲድ ፈጥሯል ማለት ነው፣ ሙቀት አይችልም። የተለመደው የአልኮል መጠን ከመቶ 68 ወይም 70 ነው። አልኮሉ ሲጠነክር ብዙ ወተት ይረጋል፣ ሲላላ ደግሞ የተበላሸውም ያልፋል። እኛ ጋ እያንዳንዱ ማሰባሰቢያ ንጹሕ አልኮል ይሰጠውና ራሱ በውኃ ያቀጥነው ነበር። አንዱ በዓይን ይገምታል፣ አንዱ በላስቲክ ኩባያ ይሰፍራል። የአንዱ ጠርሙስ ክዳኑ የለም፣ ይተናል። አንድ ገበሬ እዚህ የተመለሰበትን ወተት ሌላ ማሰባሰቢያ ወስዶ ቢያስረክብ ይቀበሉታል። «ያዳላሉ» የሚለው ሐሜት ሥሩ ይህ ነበር። አሁን አልኮሉ አንድ ቦታ ተለክቶ ይዘጋጃል፣ ቀኑ ተጽፎበት ተከድኖ ይከፋፈላል። ሌላም ነገር አለ። እንገር ያልጨረሰች ላም ወይም ግቷ የታመመ ላም ወተት ሳይበላሽም በአልኮል ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ወተቱ የረጋበት ሰው «ላሟ መቼ ወለደች? ግቷስ ደህና ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንዱ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ላሟን ቶሎ አሳክሟል።

ምክሬ፣ ሰው ከመመዘናችሁ በፊት ሚዛኑን መዝኑ ነው። በቢሮ ሥራም እንዲሁ ነው። «የዚህ ሠራተኛ አፈጻጸም ዝቅተኛ ነው» ከማለታችሁ በፊት አፈጻጸሙ በምን እንደተለካ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ሥራ ቢለኩት አንድ ዓይነት ቁጥር እንደሚያገኙ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ፍርሃት ልምጣ። የታንኩ የሙቀት መዝገብ ነበረን። ወተት ከታለበ በኋላ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ቢወርድ ነው የሚመረጠው። መዝገቡን ገለጥኩት። በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ 4። መብራት ግማሽ ቀን በጠፋበት ቀንም 4። እጅግ ያማረ መዝገብ ነው፤ አንድም እውነት የለበትም። ልጆቹ ውሸታሞች ሆነው አይደለም። 7 ብሎ የጻፈ ሰው በግምገማ ላይ እንዲነሳ ይደረጋል፣ ደሞዙ ይቆረጣል። 4 ብሎ የጻፈ ምንም አይደርስበትም። ማን 7 ይጽፋል?

ዴሚንግ ለአመራሮች ከሰጣቸው 14 ነጥቦች አንዱ ፍርሃትን ከሥራ ቦታ አስወግዱ የሚል ነው። ሳነበው ለሰው ከማዘን የመጣ ምክር ነበር የመሰለኝ። የታንኩን መዝገብ ካየሁ በኋላ ግን ሙያዊ ጉዳይ እንደሆነ ገባኝ። ፍርሃት ባለበት ቤት እውነተኛ ቁጥር አይገኝም። እውነተኛ ቁጥር ከሌለ ደግሞ ምኑን ታሻሽላላችሁ?

ሥራ አስኪያጃችንን ቅጣቱን እንዲተው ማሳመን ከባድ ነበር። «ካልተቀጡ ይዘናጋሉ» ይላል፤ ከልቡ ነው የሚለው፣ ለድርጅቱ አስቦ ነው። ክርክር አልገጠምኩም። ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ ቅጣቱ ለዘላለም ይቅር አላልኩም፤ ለአንድ ወር በአንድ ማሰባሰቢያ ብቻ እንሞክረው አልኩ። ሙከራ ሲባል ሰው አይሸሽም። ሁለተኛ፣ የዴሚንግን የዶቃ ልምምድ በቦሎቄ አሳየሁት።

ልምምዱን ማንም መሥሪያ ቤት ሊሠራው ይችላል፤ ወጪው አንድ ኪሎ ተኩል ቦሎቄ ነው። አራት እጅ ነጭ ቦሎቄና አንድ እጅ ቀይ ቦሎቄ ሳፋ ውስጥ ቀላቅሉ። ነጩ ጥሩ ምርት፣ ቀዩ ብልሽት ነው በሏቸው። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ዓይናቸውን ጨፍነው 50 ፍሬ ያውጡ፣ ቀዩ ይቆጠር፣ ይጻፍ፣ ፍሬው ተመልሶ ይቀላቀል። በአማካይ 10 ቀይ ይወጣል፤ ግን አንዱ 6 ያወጣል፣ ሌላው 14። 6 ያወጣውን አመስግኑ፣ 14 ያወጣውን ገስጹ፣ እንደገና ያውጡ። ምስጉኑ በሁለተኛው ዙር 13 ያወጣል፣ ተወቃሹ 8። ሥራ አስኪያጃችን ራሱ ገብቶ ጨለፈ። ሦስት አራት ዙር ከሄደ በኋላ ማንም ሰው ጎበዝም ሰነፍም እንዳልሆነ፣ ቀዩ ሳፋው ውስጥ እስካለ ድረስ መውጣቱ እንደማይቀር ሁሉም አየ። «ታዲያ እኛ በየወሩ የምንገመግመው ይህንኑ ነው?» አለ። አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የዕለቱን ተመላሽ በግራፍ መያዝ ጀመርን። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ ዋልተር ሸዋርት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው ያወጣው፣ ዴሚንግም ከእሱ ነው የተማረው። ነጥቦቹ በተለመደው ወሰን ውስጥ ወጣ ገባ ካሉ ማንንም አንጠራም። አንዷ ነጥብ ከወሰኑ ዘልላ ከወጣች ግን የዚያኑ ቀን ሄደን እንጠይቃለን፦ «ዛሬ ምን የተለየ ነገር ተፈጠረ?» ማን ነው ያጠፋው ብለን ስንጠይቅ ዝምታ ነበር የምናገኘው። ምን ተፈጠረ ስንል ሰው ይተነፍሳል፤ አንዳንዱማ ቀድሞ ደውሎ ይነግረናል።

ቅጣቱ ከቆመ በኋላ የታንኩ መዝገብ ተበላሸ። 6፣ 9፣ 5፣ 11። እኔ ደስ አለኝ፣ ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። ችግሩ ዛሬ አልመጣም፣ ዛሬ ታየ እንጂ አልኩት። ተቀምጠን ለምን ለምን እያልን ቆፈርነው። ታንኩ ለምን ሞቀ? መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለ አይደል፣ ለምን አልተነሳም? ነዳጅ የለውም። ለምን የለውም? ለመግዛት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፈራሚዎቹ ከተማ ናቸው፣ ማሰባሰቢያው ገጠር ነው። ሦስት ፊርማ ለምን አስፈለገ? አንድ ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ ነበርና። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የነዳጁን ጉዳይ ዞር ብሎ አላየውም። ለጥቂት ሊትር ነዳጅ ሲባል የተጻፈ ደንብ ስንት ታንከር ወተት እንዳስደፋ አስቡት። አሁን በየማሰባሰቢያው አነስተኛ የነዳጅ ገንዘብ አለ። ጄኔሬተሩ የሠራበት ሰዓትና የገባው ሊትር አንድ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ቢጠፋም ወዲያው ይታያል።

ካይዘን፣ ማለትም ከጃፓን የመጣው ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል ዘዴ፣ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስሙ ስለሰለቸው ነገሩንም አብሮ ጥሎታል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች በሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉትን አምስቱን «ማ»ዎች ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ብዙ ቦታ ሦስተኛው ላይ ነው የሚቆመው። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቀለም ይቀባል፣ መስመር ይሰመራል። እኛ ጋ የሠራው ከወተቱ ጋር የተያያዘው ብቻ ነው። የታንክ ማጠቢያ ብሩሽ ሁልጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ ታንኩ ጎን ማንጠልጠያ ተሠራለት፣ ለሌላ ሥራ እንዳይወሰድም ቀለሙ ተለየ። ቴርሞሜትሩ ከመጋዘን ወጥቶ መረከቢያው ጠረጴዛ ላይ በገመድ ታሰረ። የሙቀት ማስተካከያውን ሒሳብ ልጆቹ በሰልፍ መሃል መሥራት ከበዳቸው፤ አንደኛው ተረካቢ ራሱ «ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ለጥፉልን» አለ። ሠንጠረዡ በላስቲክ ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሙቀቱንና ንባቡን ያያል፣ ትክክለኛውን ቁጥር ያገኛል። ሐሳቡ የመጣው ጠዋት ጠዋት በብርድ ቆሞ ከሚለካው ልጅ ነው። ቢሮ ያለነው አላሰብነውም።

የዓለም አቀፉን የጥራት አመራር ደረጃ፣ የአይኤስኦ 9001ን የምስክር ወረቀት ልታወጡ የምትሯሯጡም አላችሁ። ጥሩ ነው። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ዕትም የቆመባቸው የጥራት አመራር መርሆች 7 ናቸው፤ ደንበኛ፣ አመራር፣ የሠራተኛ ተሳትፎ፣ ሂደት፣ መሻሻል፣ በማስረጃ መወሰን፣ ከባለድርሻ ጋር ያለ ግንኙነት። ሰነዱን ግን ከሌላ ድርጅት ገልብጣችሁ ስሙን ብቻ እንዳትቀይሩ። የራሳችሁን ሥራ ተከትላችሁ ያያችሁትን ጻፉ። አጭር ይሁን። የሚሠራበት ሰው አንብቦ «አዎ፣ እንዲህ ነው የማደርገው» ካላለ ወረቀት ብቻ ነው።

ከነዚያ መርሆች እኛን ብዙ ያስተማረን የመጨረሻው ነው። ገበሬው አቅራቢያችን ነው፣ በኅብረት ሥራው ደግሞ ባለቤት ነው። ድሮ ወተቱ ከተመለሰበት ምክንያቱን የሚሰማው በወሬ ነው። አሁን ፊቱ ይለካል፣ ቁጥሩን ራሱ ያነባል፣ ምክንያቱ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ማንበብ የማይችሉትም ልጃቸው ያነብላቸዋል። ማቀነባበሪያው የመለሰብንን ታንከርም ምክንያቱን በዚያው ቀን በስልክ እንዲነግሩን ተስማማን፤ ወር ጠብቆ በደብዳቤ የሚመጣ ምክንያት ለምንም አይረዳም። ትልቋ እናት አሁንም ወተት ያመጣሉ። ከሌላው ሁሉ በላይ ላክቶሜትሩን አጎንብሰው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ያልተፈታ ነገር አለ። ከሩቅ የሚመጣው ወተት አሁንም በአልኮል ይወድቃል፤ ተመላሹ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ወረቀታችን እንደሚያሳየው ዋናው ምክንያት ጀሪካን ነው። አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም፣ ውስጡ ይጫጫራል፣ ቅባቱ እዚያ ይቀራል። በወይራ ቢያጥኑትም እንደ ቅል አይሆንም። «ካን ግዙ» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ የአሉሚኒየም ካን ዋጋ ግን ሁለት ላም ላለው ሰው አይቀመስም። ንጽሕና አይጠብቁም እያሉ መውቀስ ወደ ድሮው ግምገማ መመለስ ነው።

አሁን የያዝነው ሙከራ ይህ ነው። ድርጅቱ ካን በጅምላ ይገዛል፣ ገበሬው በየ15 ቀኑ ከሚከፈለው የወተት ሒሳብ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥበታል። የጀመርነው በአንድ ማሰባሰቢያ፣ ከሩቁ መንደር ፈቃደኛ ከሆኑት ጋር ብቻ ነው። የዕቃ ዓይነት የሚለው ዓምድ ከመጀመሪያው ስለነበረ የካኑንና የጀሪካኑን ተመላሽ ጎን ለጎን እያየን ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገዢ ስለሚቀንስ ቆረጣው እንዲቆም፣ ከፋሲካ በኋላ እንዲቀጥል የጠየቁት ገበሬዎቹ ናቸው፤ እንደዚያው ብለን ጽፈነዋል።